ገመና ወይስ ታሪክ? በዳላስ ቤቶች ተቆልፎ የቀረው የሹማምንት ቤተሰብ ደብዳቤ

መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ወደቀች። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከአፄ ቴዎድሮስ ግምጃ ቤትና ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የዘረፈውን ቅርስ ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉት ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ከዚያ ዘረፋ 350 ያህል ብራናዎች የብሪታንያ ሙዚየም ንብረት ሆኑ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1869፣ ያው የብሪታንያ መንግሥት ሌላ ሥራ ጀመረ። የታሪካዊ ሰነዶች ኮሚሽን የተባለ አካል አቋቁሞ በመኳንንቱና በባለርስቱ ቤቶች የተከማቹትን የግል ደብዳቤዎችና መዛግብት፣ ባለቤቶቹ ሲፈቅዱ እየመረመረ እንዲዘረዝር አዘዘው። የሌላውን አገር ግምጃ ቤት ባራቆተ ማግሥት የራሱን ጓዳ መቁጠር ጀመረ ማለት ነው።

ስለ መጀመሪያው ድርጊት ኢትዮጵያውያን ብዙ ጽፈዋል፤ አሁንም ይጽፋሉ፤ መጻፍም ይገባቸዋል። ስለ ሁለተኛው ግን የሚናገር የለም። ዝምታው ዋጋ እያስከፈለ ነው። ቅርስ ይመለስ ብሎ በለንደን ላይ የሚጮኸው የዳያስፖራ ምሁር በራሱ ቤት፣ በጋርላንድ ወይም በሪቻርድሰን ጋራዥ ውስጥ፣ የአያቱን ደብዳቤዎች በካርቶን ዘግቶ አስቀምጧቸው ይሆናል። ያን ካርቶን የዘረፈው የውጭ ጦር የለም፤ የሚያጠፋውም የባለቤቱ ዝምታ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ቀላል ነው፤ በዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ የሚኖሩ የቀድሞ መሳፍንት፣ ሹማምንትና ፖለቲከኞች ቤተሰቦች በእጃቸው ያሉትን የግል ደብዳቤዎች «ገመና ነው» በሚል ሰበብ ይዘው መቆየታቸው ለሟቾቹ ክብር አያመጣም፤ ለልጆቹ ጥበቃ አይሆንም፤ ለአገሪቱም የማይመለስ ኪሳራ ነው።

መጨረሻውን የማያውቅ ጽሑፍ

የሃያኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ የፖለቲካ ታሪክ በአብዛኛው የቆመው በሁለት ዓይነት ጽሑፎች ላይ ነው። አንደኛው የመንግሥት ሰነድ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ታላላቅ ሰዎች በስተርጅና ወይም ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ የጻፉት ማስታወሻ። የደጃዝማች ከበደ ተሰማ «የታሪክ ማስታወሻ»፣ የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ «ካየሁት ከማስታውሰው»፣ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ፣ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ በእስር ላይ ሆነው የጻፉት ማስታወሻ፣ ሁሉም ተመራማሪ ሊያልፋቸው የማይችል መጻሕፍት ናቸው። ሁሉም ግን አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። ጸሐፊዎቻቸው የነገሩን መጨረሻ ያውቃሉ። ማን እንዳሸነፈ፣ ማን እንደከዳ፣ የትኛው ምክር ቢሰማ ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ከኋላ ሆነው ያያሉ። አክሊሉ ደግሞ የጻፉት መርማሪ ኮሚሽን ፊት ቀርበው ስለ ዘመናቸው መልስ በሚጠየቁበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለ ጽሑፍ፣ ጸሐፊው የቱንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን፣ ከመከላከያ ቃል አይለይም።

የግል ደብዳቤ በሌላ መንገድ ይመሰክራል። ጸሐፊው የነገን አያውቅም። ሰኞ ዕለት ለሚስቱ «ነገሩ ይረጋጋል» ብሎ የጻፈ ሚኒስትር ሐሙስ ዕለት እንደሚታሰር አያውቅም። ስለዚህ ደብዳቤው የሚያሳየው ሰውየው በዚያች ሰዓት ምን ያውቅ እንደነበር፣ ምን እንደሚፈራ፣ ማንን ያምን እንደነበር ነው። የፖለቲካ ውሳኔ እንዴት እንደሚወለድ ለሚያጠና ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ለምሳሌ የብሪታንያን ጠቅላይ ሚኒስትር የዊንስተን ቸርችልን ቤት ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940 ፈረንሳይ ወድቃ፣ ብሪታንያ ብቻዋን ቀርታ በነበረችበት ሳምንት ባለቤቱ ክሌመንታይን ደብዳቤ ጻፈችለት። ከበታቾቹ ጋር ያለው ጠባይ እየሻከረ መምጣቱን፣ በዚሁ ከቀጠለ የሚጠሉት እንደሚበዙ፣ ሥራውም እንደሚበደል በፍቅርና በድፍረት ነገረችው። መጀመሪያ የጻፈችውን ቀድዳው ነበር፤ ቆይታ እንደገና ጻፈችው። ልጃቸው ሜሪ ሶምስ የወላጆቿን ደብዳቤዎች እ.ኤ.አ. በ1998 በመጽሐፍ አሳተመች፤ የገንዘብ ጭንቀታቸው፣ ኩርፊያቸውና ፍርሃታቸው ሳይቀር ለአንባቢ ቀረበ። የቸርችል ስም በዚህ አልቀነሰም። የጦርነት ጊዜ አመራርን የሚያጠና ሰው ግን ከካቢኔ ቃለ ጉባኤ ሊያገኘው የማይችለውን እውነት አገኘ፤ መሪው በቤቱ ማን እንደሚመክረው፣ ምክርም እንደሚደርሰው።

በ1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤቶች ውስጥ ተመሳሳይ ደብዳቤ የጻፈች የሚኒስትር ወይም የራስ ሚስት አልነበረችም ብሎ የሚያምን ሰው የኢትዮጵያን ወይዛዝርት አያውቅም። ደብዳቤው ግን ለአንባቢ አልደረሰም። በዚህም ምክንያት የዚያ ዓመት ታሪክ እስካሁን የሚተረከው የወንዶች፣ ያውም በሕይወት የተረፉ ወንዶች፣ ክርክር ሆኖ ነው።

የብሪታንያ ጓዳ ለምን ተረፈ?

ይህን ሁሉ ሲሰሙ «እንግሊዞች ታሪክ ያከብራሉ፣ እኛ አናከብርም» የሚል የለመደ ምሬት የሚያሰሙ አሉ። ምሬቱ ስሕተት ነው፤ ከስሕተትነቱም በላይ ስንፍናን ይሸፍናል። የብሪታንያ መኳንንት ደብዳቤዎች የተረፉት ባለቤቶቹ ከሌላው ሕዝብ የተሻሉ ስለነበሩ አልነበረም። የተረፉት በሕግና በቤት ነው። ርስትና ማዕረግ ለበኩር ልጅ ብቻ የሚተላለፍበት ሥርዓት አንድን ቤት ለአራትና ለአምስት መቶ ዓመት በአንድ ቤተሰብ እጅ አቆየ። የሴሲል ቤተሰብ በሀትፊልድ ያለው መዝገብ ለዚህ ምስክር ነው፤ ከንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት አማካሪ ጀምሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር እስከሆኑት ሎርድ ሶልዝበሪ ድረስ ቤተሰቡ ከሥልጣን አጠገብ ነበር። የዚያን ቤት የጥንት ሰነዶች ዝርዝር ያው የ1869ኙ ኮሚሽን ከ1883 እስከ 1976 በ24 ቅጽ አሳትሞታል። ቆይቶም የውርስ ግብር በመጣ ጊዜ፣ ከ1910 ጀምሮ፣ ወራሾች በገንዘብ ፈንታ ቅርስ ለመንግሥት እንዲያስረክቡ ሕጉ በር ከፈተ። ስለዚህ አሮጌ ወረቀት ማስቀመጥ ለባለቤቱ ጥቅም ያለው ነገር ሆነ።

ይህም ንጹሕ ታሪክ አይደለም። የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ልዕልት ቢያትሪስ የእናቷን የዕለት ማስታወሻ እየመረጠች ገልብጣ ዋናውን አጥፍታለች። የቸርችል ቤተሰብ ሰነዶች እ.ኤ.አ. በ1995 ከ12 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሆነ የሎተሪ ገንዘብ ሲገዙ «የሕዝብ ሰነድ ለሕዝብ መልሶ መሸጥ ነው» ያሉ ብዙዎች ነበሩ። በቅኝ ግዛቶች የተፈጸመውን የሚመሰክሩ ፋይሎችም በሀንስሎፕ ፓርክ ተደብቀው ቆይተው የታወቁት በ2011 የኬንያ ተጎጂዎች ፍርድ ቤት ከሄዱ በኋላ ነው። እንግዲህ ከብሪታንያ የሚወሰደው ትምህርት ሥነ ምግባር ሳይሆን አሠራር ነው፤ መዘርዘር፣ ባለቤቱን ማስፈቀድ፣ ውል መግባት፣ ቀን ቆርጦ መክፈት።

ኢትዮጵያውያን አልጻፉምን?

ጽፈዋል። የርስትና የጉልት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ የውርስ ክርክር በወንጌል ዘወርቅ ኅዳግ ላይ እየተጻፈ፣ በግዝት ታስሮ በቤተ ክርስቲያን ይቀመጥ ነበር። ይህ የሰነድ ቤት ነው፤ መቆለፊያው ውግዘት መሆኑ ብቻ ይለየዋል። የጎንደርንና የጎጃምን የመሬት ታሪክ የጻፉ ተመራማሪዎች ዋና ምንጫቸው እነዚህ ኅዳጎች ናቸው። የነገሥታቱ ደብዳቤም አልጠፋም፤ ስቬን ሩበንሰን የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ደብዳቤዎችና ውሎች በሦስት ቅጽ አሳትመዋል፤ ጳውሎስ ኞኞ የሰበሰቧቸው የአፄ ምኒልክ ደብዳቤዎችም ከሞቱ በኋላ ታትመው በብዙ ቤቶች ይገኛሉ።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ምን እንደተረፈና የት እንደተረፈ ነው። ወደ ውጭ የተላከ ደብዳቤ በተቀባዩ አገር ተረፈ። በቤተ መንግሥት የተገለበጠ ደብዳቤ በመዝገቡ ተረፈ። ከቤት ወደ ቤት የሄደው፣ እናት ለልጇ፣ ሚስት ለዘማች ባሏ፣ ታሳሪ ለቤተሰቡ የጻፈው፣ እሱ ነው የሳሳው።

አንድ ቤተሰብ ብቻውን ይህን ያስረዳል። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በልጅነቱ ወደ ብሪታንያ ተወስዶ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1879 በሊድስ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። ስለ ሕይወቱ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከእንግሊዝ ቤቶች ወረቀት ነው፤ ከንግሥቲቱ የዕለት ማስታወሻ፣ ከሚኒስትሮችና ከመምህራን ደብዳቤ። ነገር ግን በዚያ ክምችት ውስጥ ሌላ ድምፅ አለ። የእናቱ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ፣ የደጃዝማች ውቤ ባለቤት የነበሩት፣ ስለ ልጅ ልጃቸው ወደ ብሪታንያ ደብዳቤ ልከዋል። ልጅ የተነጠቁ ኢትዮጵያዊት አያት የጻፉት የቤተሰብ ደብዳቤ ዛሬ ሊነበብ የቻለው ተቀባዩ ቤት ወረቀት የማይጥል ቤት ስለነበረ ነው። ደብዳቤው ከስሜን ወደ ደብረ ታቦር ተልኮ ቢሆን ኖሮ ማንም አያውቀውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት መሰበሮች የከፋ ጉዳት አደረሱ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ቤተሰብ ሁሉ ተበተነ። ንጉሠ ነገሥቱ በባዝ፣ ሌሎች በኢየሩሳሌም፣ ራስ እምሩ በፖንዛ ደሴት፣ ከየካቲት 12 በኋላ የተጋዙት በመቶዎች የሚቆጠሩ መኳንንትና ወይዛዝርት በልዩ ልዩ የጣልያን ግዞት ቦታዎች። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነ ወርቅ ባሏ ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከተገደሉ በኋላ ከልጆቿ ጋር ተግዛ እ.ኤ.አ. በ1940 በቱሪን ሞተች፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1938 በባዝ ዐረፉ። ስደትና ግዞት ደብዳቤ የሚያስጽፍ ጊዜ ነው። እነዚያ ደብዳቤዎች ተሰብስበው ቢሆን ኖሮ የአምስቱ ዓመት ታሪክ ከጦር ሜዳ ውጪ ምን ይመስል እንደነበር ይታወቅ ነበር።

ሁለተኛው መሰበር አብዮቱ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 ያህል ሹማምንት ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከነሱ ውስጥ ነበሩ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የንጉሣዊው ቤተሰብ ሴቶች እስከ 1980 ዓ.ም. በእስር ቆዩ። በብሪታንያ ደብዳቤውን ያቆየው ቤቱ ነበር፤ በኢትዮጵያ ቤቱ ሲወረስ የደብዳቤው ማደሪያ አብሮ ተወሰደ። የተረፈውን ደግሞ ፍርሃት በላው። በቀይ ሽብር ዘመን፣ አሰሳ በየቀበሌው በሚዞርበት ጊዜ፣ መጽሐፍና ወረቀት በምድጃ ያላቃጠለ የከተማ ቤት ጥቂት ነበር። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ውስጥ አልፎ፣ በሻንጣ ጥግ ወይም በነጠላ ተጠቅልሎ ከአገር የወጣ የደብዳቤ እሽግ ተራ ወረቀት አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ከሞት የተረፈ ምስክር ነው።

አራተኛው አደጋ፦ የቴክሳስ ጋራዥ

ከ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ወዲህ በዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ ትልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ተመሥርቷል። ጋርላንድ፣ ሪቻርድሰን፣ ፕላኖና አርቪንግ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን፣ ምግብ ቤትና ሱቅ አላቸው። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ዛሬ አዛውንት ናቸው። ቤት ሲጠብ እሽጉ ወደ ጋራዥ ይሄዳል፤ ጋራዥ ሲሞላ ከጣሪያ ሥር ወዳለው ቆጥ ይወጣል። የቴክሳስ በጋ እዚያ ወረቀቱን ያደርቀዋል፣ ሙጫውን ያላቅቀዋል፣ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2015 የጋርላንድንና የሮውሌትን ሰፈሮች የመታው አውሎ ነፋስ ሰው ገድሎ ቤቶችን ከመሠረታቸው ነቅሏል። በየካቲት 2021 በመጣው ቅዝቃዜ የፈነዱ የውኃ ቧንቧዎች በመላው ግዛት ጣሪያ አፍርሰዋል። ስቶሬጅ በሚባለው የኪራይ መጋዘን ያለ ዕቃም ዋስትና የለውም፤ የቴክሳስ የንብረት ሕግ ምዕራፍ 59 ኪራይ ያልተከፈለበትን ዕቃ የመጋዘኑ ባለቤት በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል።

ከአየሩም ከሕጉም የሚብሰው ግን የቋንቋው ጉዳይ ነው። አባት ወይም እናት ሲሞቱ ቤቱን የሚያጸዳው ልጅ አማርኛ የሚናገር ሊሆን ይችላል፤ የእጅ ጽሑፍ፣ ያውም በድሮ አጻጻፍና በግእዝ ቃላት የተሞላ ደብዳቤ፣ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ፎቶግራፉን ያወጣል፤ ወረቀቱን ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይጥለዋል። በዚህ ላይ ክፋት የለበትም። ማንም ያልነገረውን ሊያውቅ አይችልም።

የሚቀርቡት መከላከያዎች

የመጀመሪያው «ገመና ነው» የሚለው ነው። ገመና ክቡር ቃል ነው፤ የሰውን ጓዳ ለገበያ ማውጣት ነውር መሆኑ አያከራክርም። ግን ገመናን መጠበቅና ገመናን ማጥፋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የትኛውም የተደራጀ ቤተ መዛግብት ሰነድ ሲቀበል የስጦታ ውል ይፈርማል፤ ሰጪው «እስከዚህ ዓመት አይከፈት»፣ «የዚህ ሰው ስም ያለበት ገጽ ይታሸግ» ብሎ በውሉ ሊያስገባ ይችላል። 30 ወይም 50 ዓመት የታሸገ ደብዳቤ ገመናው የተጠበቀ ነው። በጋራዥ ያለው ደብዳቤ ግን በማንኛውም ቀን በማያውቁት ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። ገመናውን በእርግጥ የሚፈራ ቤተሰብ ቀድሞ ወደ ቤተ መዛግብት መሄድ ነበረበት።

ሁለተኛው «ሙት ወቃሽ አያድርገን» የሚለው ነው። ይህ ከመጀመሪያው የጠለቀ ነው። ደብዳቤው ቢከፈት አያታችን ጭካኔ የተሞላበት ትእዛዝ የሰጡ፣ ወይም ወዳጃቸውን የከዱ ሆነው ቢገኙስ? ሊገኙ ይችላሉ። ግን ሙታኑ አሁንም በየዩቲዩቡና በየመድረኩ ከመወቀስ አልዳኑም፤ የሚወቀሱትም ያለ ማስረጃ ነው። የራስ አሥራተ ካሣ ልጅ አስፋ ወሰን አሥራተ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ በጻፉት የሕይወት ታሪክ ድክመታቸውንም ሳይደብቁ ዘርዝረዋል፤ አባታቸው የተገደሉባት ሌሊት ለዝምታ በቂ ሰበብ ልትሆናቸው ትችል ነበር። ማስረጃ የሚጎዳው የተጋነነ ውዳሴንና የተጋነነ ክስን እኩል ነው። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈራ እያንዳንዱ ቤተሰብ ራሱን ይጠይቅ።

ሦስተኛው ከግራ በኩል የሚመጣ ነው። «የፊውዳል ቤተሰብ ደብዳቤ ምን ይጠቅማል? የጭሰኛው ደብዳቤ የት አለ?» ጥያቄው ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን ይሳሳታል። መጻፍ ያልተማረው ጭሰኛ ድምፅ ከሚገኝባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ የባለርስቱ ወረቀት ነው፤ የሲሶና የእኩል ሒሳብ፣ የምስለኔው ደብዳቤ፣ በጸሐፊ የተጻፈ አቤቱታ። የባለርስቱ ቤት ወረቀት ሲቃጠል በጭሰኛው ላይ የተፈጸመው በደል ማስረጃም አብሮ ይቃጠላል። ደግሞም ያን ሥርዓት የጣለው ትውልድ ራሱ ዛሬ በስደት እያረጀ ነው። ከእስር ቤት፣ ከሜዳ፣ ከካርቱም የስደተኛ ሰፈር የተጻፉ ደብዳቤዎች ከራሶቹ ደብዳቤ ባላነሰ ለጥፋት ተጋልጠዋል። አንድ ቤት ውስጥ የአባቱ የሹመት ወረቀትና የልጁ የአብዮት ደብዳቤ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። ምዝገባው ሁሉንም ይመለከታል።

አራተኛው «ለማን ይሰጥ?» የሚለው ነው። አንዱ ወገን ለኢትዮጵያ ካልሆነ ክህደት ነው ይላል፤ ሌላው በዛሬዋ ኢትዮጵያ ማንኛውም ሰነድ የፖለቲካ መሣሪያ ይሆናል ብሎ ይፈራል። ሁለቱም የሚረሱት የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ 9 ሺህ ገደማ ብራናዎችን ሲያነሣ ዋናው በየገዳሙና በየባለቤቱ ቀርቶ ቅጂው በአዲስ አበባና በሚኒሶታ ተቀመጠ። ሥራው በደርግ ዘመን ውስጥ አለፈ። እነዚያን ብራናዎች ዓመታት ወስደው በዝርዝር የገለጹት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1975 በወታደሮች ጥይት ቆስለው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው የተሰደዱ ሰው ነበሩ። ከአገራቸው መንግሥት ያን ያህል የተበደሉ ምሁር ለአገራቸው ሰነድ ዕድሜያቸውን ከሰጡ፣ «መንግሥቱን አላምንም» የሚለው ሰበብ ካርቶን በጋራዥ ለማቆየት አይበቃም። ሁለት ቦታ የተቀመጠ ሰነድን አንድ መንግሥት ብቻውን ሊያጠፋውም ሊሰውረውም አይችልም።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው እርምጃ መዘርዘር ነው፤ ልክ እንደ 1869ኙ ኮሚሽን፣ ሳይወስዱና ሳያስገድዱ። በአካባቢው ያሉት የመረዳጃ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት አንድ ገጽ ቅጽ ቢያዘጋጁ ይበቃል፤ ምን ያህል ወረቀት አለ፣ ከየትኛው ዘመን፣ በማን እጅ ጽሑፍ፣ በምን ሁኔታ። የማንም ምሥጢር አይጠየቅም። ይህ ዝርዝር ባለመኖሩ ብቻ ነው ስለ ጉዳዩ ሁሉ በግምት የሚወራው።

ሁለተኛው ቅጂ ማንሣት ነው። በዴንተን የሚገኘው የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከ2004 ጀምሮ የቴክሳስ ታሪክ ፖርታል የተባለውን ዲጂታል ክምችት ያካሂዳል፤ የግዛቱ ተራ ቤተሰቦች ደብዳቤዎች ሳይቀሩ እዚያ ይነበባሉ፤ ለትናንሽ ማኅበራትና ለግል ባለቤቶች ሰነድ ማንሻ የሚሆን የድጋፍ መርሐ ግብርም ኖሮታል። በሳዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ የዲጎልየር ቤተ መጻሕፍት፣ በዳላስ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የቴክሳስና የዳላስ ታሪክ ክፍል አሉ። ከ40 ዓመት በላይ በዚህች ምድር የኖረ ማኅበረሰብ የቴክሳስ ታሪክ አካል ነው፤ ግብር የሚከፍልበትን ተቋም በር ማንኳኳት ልመና አይደለም። ከእያንዳንዱ ቅጂ አንዱ በአዲስ አበባ ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወይም ወመዘክር በሚል ስም ለሚታወቀው ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይላክ፤ ዋናው የት እንደሚያርፍ ቤተሰቡ ጊዜ ወስዶ ይወስን።

ሦስተኛው ሕጉን ማወቅ ነው። በአሜሪካ ሕግ ወረቀቱ የተቀባዩ ነው፤ በላዩ የተጻፈው ቃል የቅጂ መብት ግን የጸሐፊውና የወራሾቹ ነው፤ ያልታተመ ደብዳቤ ጸሐፊው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ሰነዱን ማስረከብ የማተም መብትን ማስረከብ አይደለም። በዳላስ ያሉ ኢትዮጵያውያን የሕግ ባለሙያዎች አንድ ናሙና የስጦታ ውል በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቢያረቁ ከብዙ የቅርስ ጉባኤ ንግግር የበለጠ ይሠራሉ። በኑዛዜ ላይም አንድ መስመር ይጨመር፤ ደብዳቤዎቹ የት እንዳሉና ለማን እንደሚሰጡ።

አራተኛው ማንበብ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ በየቤተ ክርስቲያኑ ፊደል የሚማሩ ልጆች አሉ። እጅ ጽሑፍ የሚያነቡ አዛውንትም አሉ። አንድ አዛውንትና አንድ ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠው በሳምንት አንድ ደብዳቤ ቢገለብጡ፣ በዓመት 50 ደብዳቤ ነው። ጊዜው ግን ከአዛውንቶቹ ዕድሜ ጋር የተቆራኘ ነው፤ የተጸውዖ ስም ብቻ የጠራ ደብዳቤ ስለ ማን እንደሚናገር የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ እነሱ ሲያልፉ ወረቀቱ ቢተርፍም ግማሽ ትርጉሙ ይጠፋል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በጽሑፍ ያለ የሚወረሰው ወራሽ ሲኖረው ነው። ወይዘሮ ላቂያዬ ስለ ልጅ ልጃቸው የላኩትን ደብዳቤ ያወረሷት ለእንግሊዝ ነበር፤ ምርጫ ስላልነበራቸው። የዳላስና የፎርት ዎርዝ ቤተሰቦች ምርጫ አላቸው። ቅርሳችን ይመለስ የሚለው አቤቱታ በለንደን የሚከበረው በጋርላንድ ያለውን የሚጠብቅ ሕዝብ ሲያቀርበው ነው፤ ለዚህም ካርቶኑን ከቆጥ ማውረድ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።